ድር ቢያብር፤ ግን በስንት ዲግሪ?

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ» ሲባል እየሰማን አደግን። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውንም እንዲሁ። ሁለቱን ተረቶች በየስብሰባው፣ በየዕድሩ፣ በየክበቡ ምሥረታ ላይ አንዱን በሌላው ቦታ እየተካን እንጠቀምባቸዋለን። ትርጉማቸው «ተባበሩ» ነው ተብሎ ስለተወሰነ፣ ልዩነታቸውን የሚጠይቅ የለም። እኔ ግን ፊዚክስ እንደሚያጠና ሰው ነገሩን ሳሰላስለው ሁለቱ ተረቶች ፈጽሞ የተለያየ ሒሳብ የሚናገሩ ሆነው አገኘኋቸው።

ሎሚ አቅጣጫ የለውም። ሃምሳው ሰው በሃምሳ መንገድ ቢበታተን እንኳ ሎሚው ያው ሃምሳ ነው። ድር ግን እንዲህ አይደለም። ሃምሳ ድር በሃምሳ አቅጣጫ ቢወጠር እንኳን አንበሳ ድመትም አይይዝ። አንበሳው የታሰረው ድሩን የሚገምደው ሰው ጎን ለጎን አሰልፎ በአንድ አቅጣጫ ስላከረረው ነው። ተረቱ ይኼንን ሳይነግረን ቀረ፤ ወይም ነግሮን ሳለ «ቢያብር» የምትለዋን ቃል በችኮላ ዘለልናት።

መጽሐፎቻችን የመጀመሪያውን ዓይነት ስካላር፣ ሁለተኛውን ቬክተር ይሉታል። ስካላርን ማንም ይደምራል፤ ነጋዴውም፣ ሕፃኑም። የቬክተር ድምር ግን ሰውን ያወዛግባል። ሦስትና አራት ስንት ነው ብዬ ብጠይቃችሁ ትስቁብኛላችሁ። ዳሩ ግን የ3 ኒውተንና የ4 ኒውተን ኃይል አንድን ዕቃ ሲጎትቱ፣ በአንድ አቅጣጫ ከሆኑ 7፣ ፊትና ኋላ ከሆኑ 1፣ በ90 ዲግሪ ከቆሙ ደግሞ 5 ይሆናሉ። ከ1 እስከ 7 ያለው ቁጥር ሁሉ መልስ ሊሆን ይችላል፤ እንደ አቋቋማቸው ነው። አሠራሩም ቀላል ነው። አንዱን ኃይል በቀስት ትስላለህ፤ ርዝመቱ የኃይሉ መጠን፣ ጫፉ የኃይሉ አቅጣጫ ነው። ሁለተኛውን ቀስት ከዚያው ከተነሳህበት ነጥብ ታወጣለህ። ሁለቱን ጎን አድርገህ ፓራሌሎግራሙን ስትሞላው፣ ከመነሻው ጥግ ወደ ፊት ለፊቱ ጥግ የሚሰመረው መስመር ድምር ኃይሉ፣ ማለትም ሪዛልታንቱ ነው። የፍላንደርሱ መሐንዲስ ሲሞን ስቴቪን እ.ኤ.አ. በ1586 ስለ ሚዛን ጥበብ ባሳተመው መጽሐፍ ወደዚህ አሳብ ደርሶ ነበር። ኒውተን በ1687 በወጣው ትልቁ መጽሐፉ፣ ሦስቱን ሕጎች እንዳስቀመጠ ወዲያው ከሕጎቹ የሚከተል የመጀመሪያ ውጤት አድርጎ ጻፈው። ፈረንሳዊው ፒየር ቫሪኞንም በዚያው ዓመት ያንኑ አሳብ ይዞ ብቅ አለ።

እኔ ልብ ያልኩት ግን ይህ ሥዕል በደብተር ላይ ሁልጊዜ አንድ ነገር የሚናገር መሆኑን ነው። ሪዛልታንቱ ከሁለቱ ጎታቾች በማንኛቸውም ላይ አያርፍም፤ ሁልጊዜ በመካከላቸው፣ ማንም ባልቆመበት በኩል ያልፋል። ይኼ ነገር የሰው ቤት እንደሚያድን በዓይኔ ያየሁት በአገሬ በቦዲቲ ነው። ወደዚያ ከመድረሴ በፊት ግን ስለ በሬና ስለ ጀሪካን ልናገር፤ ያለ እነርሱ ነገሩ አይጥምም።

ቦዲቲን የማያውቅ ቢኖር፣ ከሻሸመኔ ተነስቶ በሐላባና በሾኔ አድርጎ ወደ ሶዶ የሚወርድ መንገደኛ የሚያልፍባት ከተማ ናት፤ የዳሞት ጋሌ ዋና ከተማ። በወላይታ ሕዝቡ ብዙ፣ መሬቱ ጠባብ ነው። ጥንድ በሬ ያለው ገበሬ ዕድለኛ ይባላል። ምንም የሌለው በባለ ሁለት ጥርስ መቆፈሪያ ይቆፍራል። አንድ በሬ ብቻ ያለው ደግሞ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር ይቀናጃል፤ መቀናጆ የሚባለው ይኼ ነው። ዛሬ ያንተን ማሳ፣ ነገ የእኔን። ታዲያ የሁለት ሰው በሬዎች፣ አንድ ላይ ያላደጉ፣ አንዱ ፈጣን አንዱ ዳተኛ፣ ምን አድርጎ ነው አንድ ማረሻ እንዲጎትቱ የሚያደርጋቸው? ቀንበር ነው። ቀንበር በኛ በተማሪዎች ጽሑፍ ውስጥ የጭቆና ምልክት ሆኖ ስንት ዘመን ተሰደበ! በፊዚክስ ዓይን ግን ቀንበር የማዕዘን ዘበኛ ነው። ሁለቱን አንገት ጎን ለጎን ይይዝና በመካከላቸው ያለውን ማዕዘን ዜሮ ያደርገዋል። በዜሮ ዲግሪ ላይ ብቻ ነው ሁለት ኃይል ልክ እንደ ሎሚ የሚደመረው።

እዚያም ቢሆን አንዳች ነገር ይባክናል። ምራኑ ከቀንበሩ ጋር ያሰረው ሞፈር ከበሬዎቹ አንገት ወደ መሬት ሰያፍ ይወርዳልና፣ ጉተታው ከፊሉ ወደ ፊት ሲሄድ ከፊሉ ማረሻውን ወደ ላይ ያነሳዋል። ገበሬው እርፉን ሲጫን የሚውለው ለዚህ ነው። አንድ አራሽ በመኸር ወራት ትከሻው የሚደክመው በሬ ስለጎተተ ሳይሆን በሬው የጎተተበት መስመር ስላዘነበለ ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም።

ጀሪካኑ ደግሞ እንዲህ ነው። ከቤታችን ፊት ለፊት በሚያልፈው መንገድ ሁለት ልጃገረዶች ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ተጋግዘው ሲያመጡ ሁልጊዜ አያለሁ። እጀታው ውስጥ ገመድ ያስገቡና አንዷ በአንድ በኩል፣ ሌላዋ በሌላ በኩል ይይዙታል። ውሃው 20 ኪሎ ነው። ለሁለት ስለሆኑ ለእያንዳንዳቸው 10 ኪሎ ደረሰ ትላላችሁ? ይህ የሎሚ ሒሳብ ነው። ልክ የሚሆነው ሁለቱ የገመድ ጫፎች ቀጥ ብለው ወደ ላይ ከወጡ ብቻ ነው። ጀሪካኑ ግን እግር እየመታ አላስኬድ ስለሚል ተራርቀው ይሄዳሉ። በገመዱ ሁለት ጫፎች መካከል ያለው ማዕዘን 60 ዲግሪ ሲሆን የእያንዳንዳቸው ድርሻ 11 ኪሎ ተኩል ይሆናል። ይኼስ ይቻላል። 90 ሲሆን 14 ኪሎ ይደርሳል። 120 ዲግሪ ላይ ሲደርስ ጉድ ይመጣል፦ እያንዳንዳቸው ሙሉውን 20 ኪሎ ይጎትታሉ። ጓደኛዋ አጠገቧ እያለች፣ እያገዘቻት፣ ላብ እያላባት፣ ብቻዋን የተሸከመች ያህል ነው። 150 ዲግሪ ቢሆን ደግሞ ወደ 39 ኪሎ ይጠጋል። መተጋገዛቸው ሸክሙን እጥፍ አደረገው ማለት ነው።

ከዚያስ? ከዚያ 180 ዲግሪ ነው፤ ገመድ ጉተታ። እዚህ ላይ ድምሩ ዜሮ ይሆናል፤ መምህራን ይህንን «ሚዛን» ብለው በአንድ መስመር ያልፉታል። እኔ ግን ማለፍ አልቻልኩም፤ ምክንያቱም አያቴን ያስታውሰኛል። አንዱ አጎቴ ወደ ሐዋሳ ይዣቸው ልሂድ ይላል፤ አክስቴ ደግሞ ሶዶ እኔ ዘንድ ይሁኑ ትላለች። ካርታ ላይ ሐዋሳና ሶዶ ከቦዲቲ ሲታዩ 180 ዲግሪ አይሞሉም፤ በቤተሰብ ጉባኤ ላይ ግን ሞልተው ነበር። ሁለቱም በፍቅር ነው የሚጎትቱ፤ ኃይላቸውም እኩል ነው። አያቴም ቦዲቲ ቀሩ። ከውጭ የሚያይ ሰው «ምንም የተለወጠ ነገር የለም፣ እማማ እንዳሉ ናቸው» ይላል። ድምሩ ዜሮ ነው ማለት ግን ገመዱ አልተጎተተም ማለት አይደለም። በሁለት እኩል ወገን መካከል ያለ ገመድ ሳይንቀሳቀስ ሊበጠስ ይችላል። ሰውን ከቬክተር ጋር ማመሳሰል እንደማያዛልቅ አውቃለሁ፤ ሰው በመጨረሻ «እምቢ» ይላል፣ ቬክተር አይልም። ያም ሆኖ ስልካቸው በጮኸ ቁጥር ፊታቸው ሲለወጥ ያየሁ እኔ ነኝ።

እንግዲህ ወደ ዛፉ። አያቴ ቦዲቲን የማይለቁት ለቤታቸው ብለው ነው። የዚያ ቤት ጠላት ደግሞ ጓሯቸው ውስጥ የበቀለ አንድ ባሕር ዛፍ ነበር። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ወደ አገራችን የገባ እንግዳ ነው። እንግዳው ግን ባለቤት ሆኖ የት ያልደረሰበት አለ! ይኼኛውን አያቴ ራሳቸው ናቸው የተከሉት፤ ለልጅ መዳሪያ ብለው። ባለፈው ክረምት ዝናቡ ሥሩን አላቆበትና ወደ ቤታቸው ጣራ አዘነበለ። አያቴን «ለአንድ ሳምንት እንኳ ከዚህ ይውጡ» ብንላቸው «እኔ የተከልኩት ዛፍ እኔን ከቤቴ አያስወጣኝም» ብለው ምድጃቸው አጠገብ ቁጭ አሉ። ስለዚህ ዛፉ መውደቅ አለበት፤ ከቤቱ ወዲያ ዞሮ።

ወዴት ይውደቅ? የወላይታን ጥበት ያኔ ነው ያየሁት። በግራ የጎረቤት ማድ ቤት አለ። በቀኝ የመብራት ሽቦ። ከኋላ የአያቴ ቤትና እንሰታቸው። ፊት ለፊት ብቻ ጠበብ ያለ ክፍት ቦታ ነበር፤ እሱም ጎርፍ የቦረቦረው ገደል ውስጥ ይገባል። ዛፉ እዚያ ቦረቦር ውስጥ ቢወድቅ ማንንም አይጎዳም። ችግሩ፣ ዛፍ ወደሚፈለግበት ለመጎተት ሰው እዚያ መቆም አለበት፤ ቦረቦሩ ውስጥ ደግሞ አይቆምም። ቢቆምስ? ቀጥ ብሎ ፊት ለፊቱ ቆሞ የሚጎትት ሰው የሚጎትተው በራሱ ላይ ነው።

አጎቴ የሰፈሩን ጎረምሶች ጠራ። ዐሥር ሆኑ። ዛፍ በመጣል የታወቁ አንድ ሽማግሌ ደግሞ መጡ፤ ሁሉም «አባባ» ይላቸዋል። ቅርንጫፉ አስቀድሞ ተመልምሏል። ከግንዱ ቁመት ሁለት ሦስተኛው ላይ ሁለት ገመድ ታሰረ። አባባ የሱቁን ላስቲክ ገመድ አልወደዱትም፤ «ይለጠጣል፣ ይዋሻል» አሉና ከቤታቸው ወፍራም የእንሰት ቃጫ ገመድ አስመጡ። ጎረምሶቹ ገመዶቹን ይዘው ግራና ቀኝ ተበተኑ። ሜዳው የሚመቸው በግራ ስለሆነ ስድስቱ ወደዚያ ሄዱ፤ በቀኝ አራት ቀሩ። በሁለቱ ገመዶች መካከል ያለው ማዕዘን፣ በዓይን ግምት፣ የበር ጥግ ያህል ነበር፤ 90 ዲግሪ። ሁሉም ክንዱን ሰብስቦ «ይቆረጥ!» አለ።

አባባ መጥረቢያውን አላነሱም። መጀመሪያ የግራውን ገመድ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። ሄደው የቀኙን መቱት። ተመለሱና በወላይትኛ፣ ቁጣም ሳቅም በሌለበት ድምፅ፣ «አንተ ልጄ፣ ወደዚያ ሂድ» ብለው አንዱን ከግራ ወደ ቀኝ አዛወሩት። አምስት ለአምስት ሆኑ። ከዚያ ሁለቱንም ወገን ወደ መሃል ጠጋ አደረጓቸው፤ በጣም ግን አይደለም። ደግሞ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ፣ ገመዱ እስኪያልቅ አራቋቸው። ጎረምሶቹ አጉረመረሙ። አንዱማ «አባባ፣ ስድስታችን በግራ ብንሆን ምን ነበረበት? ጉልበት እኮ ነው የሚፈለገው» አላቸው። መልስ አልሰጡትም። ከቦረቦሩ በኩል ግንዱ ላይ አፍ ከፈቱለት፤ ከዚያ በጀርባው በኩል ዞረው ቆረጡት።

ዛፉ መጀመሪያ ወደ አያቴ ቤት ትንሽ ያዘነበለ መሰለኝ፤ ትንፋሼ ቆመ። ከዚያ ገመዶቹ እኩል ከረሩ፣ ግንዱ ቀና አለ፣ ለአንድ አፍታ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ጫፉም ማንም ያልቆመበትን ቦታ መርጦ ሄደ። ቦረቦሩ ውስጥ ነጎደ። ማድ ቤቱ ጣራ ላይ አንድ ቅጠል አልወደቀም። አያቴ ከውስጥ «ወደቀ እንዴ?» አሉ።

ማታውኑ ደብተር አወጣሁ። ለአንድ ሰው ጉተታ 250 ኒውተን ሰጠሁት፤ ለግምት ያህል ነው። ለ250 ኒውተን 1 ሳንቲ ሜትር። ጎረምሶቹ መጀመሪያ እንደቆሙት ስስለው፣ በግራ 1500፣ በቀኝ 1000፣ በመካከላቸው 90 ዲግሪ ነው። ድምሩ 1800 ኒውተን ያህል ወጣ። አቅጣጫው ግን ከመሃሉ መስመር ወደ ግራ 11 ዲግሪ አዘነበለ። 11 ዲግሪ ምን ያህል ነው? ደብተር ላይ ምንም አይደለም። ዛፉን ከወደቀ በኋላ በእርምጃ ለክቼዋለሁ፤ 15 ሜትር ግድም ነው። የ15 ሜትር ግንድ በ11 ዲግሪ ሲስት ጫፉ 3 ሜትር ያህል ይስታል። የማድ ቤቱ ግድግዳ ከመሃሉ መስመር 2 ሜትር ተኩል ላይ ነበር።

ቀጥሎ ማዕዘኑን ብቻ ወደ 60 ዲግሪ አጥብቤ ሰዎቹን ስድስት ለአራት ተውኳቸው፦ 2179 ኒውተን፣ ጫፉ 1 ሜትር ከ70 ይስታል። ከዚያ የአባባን አሰላለፍ፣ አምስት ለአምስት በ60 ዲግሪ፦ 2165 ኒውተን፣ ጫፉ አይስትም። አያችሁልኝ? የስድስት ለአራቱ ጉልበት በ14 ኒውተን ይበልጣል። ያ ጎረምሳ ያለው እውነት ነበር፤ በግራ ስድስት ቢሆኑ ኖሮ ጉልበቱ ይጨምር ነበር። የጨመረው ጉልበት ግን ወደ ሰው ማድ ቤት የሚሄድ ነው። ብዙ ሰው ያለበት ወገን ድምሩን ወደ ራሱ ይስባል፤ ማንም ክፉ ሳያስብ።

ለምን የበለጠ አላጠበቧቸውም ብዬም ጠየቅሁ፤ በ20 ዲግሪ ቢሆኑ ድምሩ ከ2460 ኒውተን ያልፋል። ከደብተሩ ይልቅ የቆሙበት ቦታ መለሰልኝ። በ20 ዲግሪ ከሆኑ ዛፉ ሲወድቅ ጫፉ ከእግራቸው ሥር ነው። አባባ ጉልበቱን የቆረጡት ለነፍስ ሲሉ ነው። ወደ ኋላ ያራቋቸው ደግሞ በሁለት ምክንያት ነው። አንዱ ያው የጫፉ ፍርሃት ነው፤ ሌላው የገመዱ ሰያፍነት ነው። ገመዱ ግንዱ ላይ 10 ሜትር ከፍታ ታስሮ፣ ሰዎቹ 10 ሜትር ርቀት ላይ ቢቆሙ ከጉተታቸው ወደ ጎን የሚሄደው 71 በመቶው ብቻ ነው፤ የቀረው ዛፉን ወደ መሬት ይጫነዋል እንጂ አይጥለውም። 25 ሜትር ላይ ሲቆሙ ግን 93 በመቶው ይሠራል። እንደ ሞፈሩ ያለ ነገር ነው።

አባባ ኒውተንን ያውቃሉ ለማለት አይደለም። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ ያልተማሩትን አባቶች ከሊቃውንት በላይ ከፍ አድርጎ ያበቃል፤ እኔ ግን ይህ ለእርሳቸውም ክብር አይመስለኝም። ሥዕሉ የእርሳቸው መዳፍ የሌለው ነገር አለው፦ ገመድ ሳይታሰር፣ ሰው ሳይጠራ፣ በወረቀት ላይ ዛፉን መቶ ጊዜ መጣል ይቻላል። መዳፋቸው ደግሞ ሥዕሉ የሌለው ነገር አለው። እኔ ለሁሉም 250 ኒውተን አከፋፈልኩ፤ እርሳቸው ገመዱን መታ አድርገው ማን እንደሚጎትትና ማን እንደሚጮህ ብቻ ለዩ።

ሁለተኛ ደረጃ የሚማረው ታናሽ ወንድሜ ይህንን ሁሉ ስጽፍ በትከሻዬ ላይ ሆኖ ያይ ነበር። እሱም በክፍሉ ቬክተር ላይ ነው፤ የቤት ሥራው 3 ኒውተንና 4 ኒውተን ነው። የእኔን ሥዕል ረጅም ጊዜ ተመለከተና፣

«ይኼ ስህተት ነው» አለኝ።

«የቱ?»

«ሁለት ቀስት ብቻ ነው የሳልከው። ዛፉ ራሱ ወደ እማማ ቤት አዘንብሎ አልነበር? የሱ ቀስት የታለ?»

እርሳሱን ሰጠሁት። ግንዱን 400 ኪሎ፣ ክብደቱን 4000 ኒውተን፣ መሃሉ ከሥሩ በ1 ሜትር ወደ ኋላ ያዘነበለ ብለን ያዝነው። ገመዱ በታሰረበት በ10 ሜትር ከፍታ ላይ ይኼ ወደ ኋላ የሚጎትት የ400 ኒውተን ቀስት ይሆናል አልኩት። ከ2165 ላይ 93 በመቶውን ያዘ፤ 2010 አገኘ። 400ውን በተቃራኒ አቅጣጫ ሳለው። 1600 ግድም ቀረ። አንድ ጊዜ አየኝና፣ «ከዐሥሩ ሰው አራት ብቻ ቢመጡ ኖሮስ?» ብሎ አዲስ ገጽ ገለጠ።